«አውራ» ወይስ «ንግሥት»? በኅብረት የሚኖሩ ነፍሳት ስያሜ በዝግመተ ለውጥ የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኅብረት የሚኖሩ ነፍሳት፣ ማለትም ንብ፣ ጉንዳንና ምስጥ፣ ተጫዋቹ ራሱ እነርሱን ሆኖ በሚጫወትበት የዝግመተ ለውጥ ጨዋታ ውስጥ ሲገቡ የሚያስፈልጉትን የአማርኛ ስያሜዎች መመርመርና ለውይይት የሚሆን ሐሳብ ማቅረብ ነው። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ከመዝገበ ቃላት ሥራ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የጨዋታ ጽሑፍ እንደ መማሪያ መጽሐፍ ፍችን ዘርዝሮ አያስረዳም። ተጫዋቹ ቃሉን ከገበታው ላይ ያነብና ወዲያው ይሠራበታል። ስለዚህ ስያሜው ያዘለው ሐሳብ ትክክል ካልሆነ፣ ስሕተቱ ሳይታወቅ ልማድ ይሆናል።

በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» እና «ገበጣ» የተሰኙ የእጅ ስልክ ጨዋታዎችን ማውጣቱ፣ የአገር ውስጥ ጨዋታ ሠሪ ከአገሩ ባህልና ቋንቋ መነሣት እንደሚችል አሳይቷል። በሌላው ዓለም ደግሞ የኅብራዊ ነፍሳት ጨዋታ ብዙ ዓመት ያስቈጠረ ነው። ማክሲስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው «ሲምአንት» ተጫዋቹን በአንዲት ጉንዳን አካል ውስጥ ያስገባዋል። ያች ጉንዳን ብትሞት ተጫዋቹ ከእንቁላል እንደ ገና ተወልዶ ይቀጥላል። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ስፖር»፣ እንዲሁም በብዙ በጎ ፈቃደኞች የተሠራው «ትራይቭ»፣ ሕይወትን ከአንድ ሕዋስ ጀምረው ያሳድጋሉ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ጨዋታ ኅብራዊ ነፍሳትን ለተጫዋቹ መስጠት ሲፈልግ አንድ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ተጫዋቹ ማን ነው? እንቁላል ጣይዋ ነውን? አንዲት ሠራተኛ ነውን? ወይስ ኅብረቱ በሙሉ?

1. ስለ ኅብረቱ ስም

በመጀመሪያ የኅብረቱ ስም ሊታሰብበት ይገባል። በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ «ኮሎኒ» የሚለውን ቃል ያገኘ ተርጓሚ «ቅኝ ግዛት» ብሎ ቢመልሰው፣ ሌላ አገር ሄዶ የሌላውን ርስት መያዝ ማለት ይሆንበታል። «መንጋ» የሚለው ቃል ለከብትም ለንብም ያገለግላል። ሆኖም ለንብ ሲነገር ይበልጡን የሚያመለክተው ከቀፎ ወጥቶ በአንድነት የሚበረውን ወይም በቅርንጫፍ ላይ የሠፈረውን ንብ ነው። ከዚህም በላይ «የመንጋ ፍትሕ» የሚለው አነጋገር ከተለመደ ወዲህ ቃሉ ሥርዓት የለሽነትን ማሰማት ጀምሯል፤ የንብ ኑሮ ግን ሥርዓት የበዛበት ነው።

የንብ እርባታ ባለሙያዎች «ኅብረ ንብ» የሚል ስያሜ አላቸው። ይህ ስያሜ በግእዝ ዘርፍ አያያዝ የተሠራ ስለ ሆነ በቀላሉ ይራባል፤ «ኅብረ ጉንዳን»፣ «ኅብረ ምስጥ» ማለት ይቻላል። በጨዋታው ገበታ ላይ አጭር ስም ሲያስፈልግ «ኅብሩ» ቢባል በቂ ነው። «ኅብር» ቀለምንም፣ በቅኔ ቤት ደግሞ በአንድ ቃል የተሸከመ ሁለት ፍችንም እንደሚያመለክት አንዘነጋም፤ ነገር ግን ዐውዱ ስለሚለየው ችግር የሚያመጣ አይመስለንም።

«ነፍሳት» እና «ሦስት አጽቄ» ከሚሉት ሁለት ቃላት ለጨዋታ የሚመረጠው የቱ ነው? «ሦስት አጽቄ» በሥነ ሕይወት ትምህርት የገባ ሙያዊ ቃል ሲሆን የፍጥረቱን አካል በሦስት መከፈል ያመለክታል። «ነፍሳት» ግን ሕዝብ የሚያውቀው ነው። ለጨዋታው «ነፍሳት»፣ ለማብራሪያው መዝገብ «ሦስት አጽቄ» ቢያዝ ይስማማል።

2. ስለ «አውራ»

የአማርኛ ተናጋሪ ከጥንት ጀምሮ በቀፎው ውስጥ ያለችውን እንቁላል ጣይ «አውራ» ይላታል። መሪ ያጣ ሕዝብም አውራ እንደ ጠፋው ንብ ተደርጎ ይመሰላል። ንብና ንግሥና በአእምሯችን ምን ያህል እንደ ተቈራኙ የላሊበላ ስም ያስረዳል፤ በትውፊት እንደሚነገረው ሕፃኑ ሲወለድ ንቦች ስለ ከበቡት እናቱ ንብ ንግሥናውን ዐወቀ ስትል ስሙን አወጣችለት። በአንጻሩ ምሳሌ ሰሎሞን በምዕራፍ 6 ታካቹን ወደ ገብረ ጉንዳን ሲልከው፣ አለቃም አዛዥም ሳይኖራት በበጋ መብሏን የምታከማች ፍጥረት አድርጎ ያቀርባታል። እንግዲህ በቋንቋችን ውስጥ ሁለት ሥዕሎች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ባለ አውራው ንብና አለቃ የለሿ ጉንዳን።

የዘመኑ ሳይንስ ለንብም ቢሆን የሚያጸናው ሁለተኛውን ሥዕል ነው። እንቁላል ጣይዋ በደኅናው ወራት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ ከአካሏ የሚወጣው ጠረንም ኅብሩን አንድ አድርጎ ይይዛል። ነገር ግን ማን ይቅሰም፣ ማን ይጠብቅ፣ ማን እጭ ይመግብ ብላ ትእዛዝ አትሰጥም። ሠራተኞቹ በዕድሜያቸው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ቀፎ ያጸዳሉ፣ ቀጥሎም እጭ ይመግባሉ፣ ሰም ይሠራሉ፣ በር ይጠብቃሉ፣ በመጨረሻም ለቀሰማ ይወጣሉ። የአበባውንም አቅጣጫና ርቀት እርስ በርሳቸው በውዝዋዜ ይነጋገራሉ። ይህን ቋንቋ የፈታው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1973 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኗል።

በመሆኑም «ንግሥት» የሚለው የትምህርት ቤት ቃል ጾታዋን ቢያስተካክልም ዙፋን ይጨምርባታል። ተጫዋቹ «ንግሥት ነህ» ቢባል የሚጠብቀው ማዘዝን ነው፤ የሚያገኘው ግን መውለድን ብቻ ይሆናል። «አውራ» በበኩሉ የወንድ ስም ነው ተብሎ ይነቀፋል፤ «አውራ ዶሮ» እንዲሉ። ነገር ግን የቃሉ ፍች በዚህ አይወሰንም። «አውራ ጎዳና» ወንድ አይደለም። «አውራ ጣት»ም ሌሎቹን ጣቶች አያዝዝም፤ ሆኖም ያለ እርሱ እጅ ዕቃ ጨብጦ መያዝ ያዳግተዋል። የንቧም ነገር እንዲሁ ነው፤ አታዝዝም፣ ግን ያለ እርሷ ኅብሩ አይጸናም። ሠራተኞቹ ከለጋ እጭ ሌላ አውራ ማሳደግ ካልቻሉ ቀፎው ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ «አውራ» ተይዞ አንቀጹ በሴት ጾታ እንዲስማማ፣ ማለትም «አውራዋ እንቁላል ትጥላለች» እንዲባል እንመክራለን። «ንግሥት»ም በመዝገበ ቃላቱ በተመሳሳይነት ትመዝገብ። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ አሪስጣጣሊስም ስለ ንብ ሲጽፍ «ንጉሥ» ብሎ ነበር።

በምስጥ ዘንድ ግን ወንዱም ከእንቁላል ጣይዋ ጋር በኩይሳው ውስጥ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ለምስጥ «አውራ ጥንድ» ማለት ይገባል። የንቡ ወንድ ደግሞ «ድንጉላ» የሚል ጥሩ ስም አለው፤ ቃሉ ካልተኰላሸ ፈረስ የተወሰደ ነው። ድንጉላ ካልዳበረ እንቁላል ስለሚፈለፈል አባት የለውም፣ አያት ግን አለው፤ የዘር ሐረግን የሚያሳይ ጨዋታ ይህን መያዝ ይኖርበታል።

3. ስለ «መደብ»፣ «ዘር» እና «ድርሻ»

አውራዋና ሠራተኛዋ የሚፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት እንቁላል ነው። የሚለያቸው በእጭነታቸው የሚያገኙት ምግብ ነው። በመሆኑም በመካከላቸው ያለውን ልዩነት «ዘር» ብሎ መሰየም ፍጹም ስሕተት ይሆናል። «መደብ» ብንልም ቃሉ በአንድ በኩል የኑሮ ደረጃን ትግል ያስታውሳል፣ በሌላ በኩል በሰዋስው አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መደብ ለሚባለው ተይዟል። እኛ «ድርሻ» የሚለውን እናቀርባለን፤ የአውራ ድርሻ፣ የሠራተኛ ድርሻ፣ በምስጥና በአንዳንድ ጉንዳኖች ደግሞ የወታደር ድርሻ። ቃሉ የተሰጠንም ሥራን የመካፈልንም ትርጉም ስለሚያሰማ፣ ተጫዋቹ ስንት እጮች ለየትኛው ድርሻ እንደሚያድጉ ሲወስን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

ይህን ሁሉ ለሚጠቀልለው ጽንሰ ሐሳብ፣ ማለትም እጭን በጋራ ማሳደግ፣ የትውልዶች አብሮ መኖርና የመውለድ ሥራ ለጥቂቶች መተው ሲሟሉ ለሚባለው፣ «ሙሉ ኅብራዊነት» የሚል ስያሜ ይስማማል። ስያሜው «ነፍሳት» የሚል ቃል እንዳይጨመርበት እናሳስባለን። ምክንያቱም በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ጭምር የሚኖረው ፀጉር አልባ ፍልፈል አጥቢ ሆኖ ሳለ እንደ ንብ አንዲት ወላጅና ብዙ ሠራተኞች እንዳሉት እ.ኤ.አ. በ1981 ጄኒፈር ጃርቪስ አስረድታለች። የገዛ አገራችንን እንስሳ ከፍቹ ውጭ የሚያስቀር ስያሜ ጥሩ ስያሜ አይሆንም።

4. ስለ ጠረንና ስለ ወቅት

ነፍሳት እርስ በርስ የሚግባቡበት ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. በ1959 «ፌሮሞን» ተብሏል። ቃሉ በሳይንስ ጽሑፍ ሊቀር ይችላል፤ ለጨዋታ ግን «ጠረን» ይበቃል፤ የመንገድ ጠረን፣ የአደጋ ጠረን፣ የአውራ ጠረን። ባህላዊው ንብ አናቢም ባዶ ቀፎውን መልካም ሽታ ባለው እንጨት ጢስ አጥኖ ንብ ይጠራበታል። ስለዚህ በጠረን መጥራት ለባህላችን እንግዳ አይደለም።

የወቅት ስሞች ደግሞ ተርጓሚን በቀላሉ ያሳስታሉ። ጨዋታው በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከወሰን ሠፈር እስከ እንጦጦ ተራሮች ባለው መልክዐ ምድር ቢታሰብ፣ የቀለቡ ምንጭ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍና የመስከረሙ አደይ አበባ ይሆናል። በፈረንጆቹ ጨዋታ የችግር ወራት በረዶ የሚጥልባቸው ናቸው። ተርጓሚው ይህን «ክረምት» ቢለው፣ የእኛ ተጫዋች የሚያስበው ከሰኔ ጀምሮ ያለውን ዝናብና ጭጋግ ነው። እንደ አጋጣሚ ያን ጊዜም ንቡ ብዙ መቅሰም ስለማይችል ትርጉሙ ባይሰምርም ሥራው ይሰምራል። ነገር ግን የእኛ አገር ንብ ችግር ሲጠናበት ቀፎውን ጥሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይኰበልላል። ይህ በአውሮፓው ንብ ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ «መኰብለል» የሚል የራሱ ትእዛዝ ሊኖረው ይገባል። አውራዋ ከከፊሉ ንብ ጋር ወጥታ አዲስ ኅብር መመሥረቷ ግን «መከፈል» ይባል፤ አንዱ ሽሽት፣ ሌላው መዋለድ ነውና።

5. ተጫዋቹ በየትኛው መደብ ይነገረው?

አሁን በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለሳለን። በዝግመተ ለውጥ ጨዋታ ተጫዋቹ ከትውልድ ወደ ትውልድ ፍጥረቱን ይለውጣል። ሠራተኛዋ ግን በተለመደው ሁኔታ ዘር አትተካም፤ ጥንካሬዋ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተላለፈው በእናቷና በእኅቶቿ በኩል ነው። በመሆኑም የተፈጥሮ ምርጫ የሚመዝነው በአብዛኛው ኅብሩን ነው። ዊልያም ሞርተን ዊለር እ.ኤ.አ. በ1911 ኅብረ ጉንዳንን እንደ አንድ አካል አድርጎ ያየው በዚህ መንገድ ነበር። የተጫዋቹም አካል ወሰን የአንዲት ንብ ቆዳ ሳይሆን ቀፎው ነው።

በእንግሊዝኛ ይህን በአንድ ተውላጠ ስም አድበስብሶ ማለፍ ይቻላል። አማርኛ ግን አያሳልፍም። «ሰብስብ» ቢባል ተጫዋቹ ወንድ፣ «ሰብስቢ» ቢባል ሴት ይሆናል፤ «ይሰብስቡ» ማለት ለጉንዳን ማዕረግ መስጠት ነው። «ሰብስቡ» ጾታ ባይለይም ተጫዋቹን ከውጭ ሆኖ እንደሚታዘዝ ጭፍራ ያደርገዋል። እኛ የምናቀርበው መፍትሔ አንደኛ መደብ ብዙ ቍጥር ነው፤ «ቀለብ አነሰን»፣ «አውራችን አረጀች»፣ «አደይ ፈነዳልን»። በአማርኛ «እኛ» ጾታ አይለይም፣ አለቃና ምንዝርም አይለይም። የገበታው ትእዛዞች ደግሞ በንኡስ አንቀጽ ቢጻፉ፣ ማለትም «መቅሰም»፣ «መጠበቅ»፣ «መከፈል» ቢባሉ፣ አዛዥ ሳይሰየም ሥራው ይታወቃል።

ለማጠቃለል፣ ለኅብረቱ «ኅብረ ንብ» እና መሰሎቹ፣ ለእንቁላል ጣይዋ በሴት ጾታ የሚስማማው «አውራ»፣ ለወንዱ «ድንጉላ»፣ ለልዩነቱ «ድርሻ»፣ ለመግባቢያው «ጠረን»፣ ለተጫዋቹም «እኛ» እንዲያዙ ሐሳብ አቅርበናል። ከእነዚህ አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ ቃላት አይደሉም፤ በንብ አናቢው፣ በገበሬውና በፈረሰኛው አፍ የኖሩ ናቸው። በባዕድ ቋንቋ የተሠራ ጨዋታ ወደ አማርኛ ሲመለስ ተርጓሚው አስቀድሞ እነርሱን ቢጠይቅ፣ ለሕፃናቱ የሚሰጠው ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ያልተዛባ የተፈጥሮ ዕውቀትም ይሆናል። በተለይ «ድርሻ» እና «ሙሉ ኅብራዊነት» ገና ያልተፈተኑ ስለ ሆኑ፣ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች በሥራ ላይ አውለው እንዲመዝኗቸው እንሻለን።