ዳኮታን ከዋንዛ መቅረጽ

ሞዴል አውሮፕላን መሥራት ሲነሣ ቶሎ ወደ ሐሳብ የሚመጣው በካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ፕላስቲክ ነው፤ ክንፉ፣ ጎማው፣ የአብራሪው ወንበር ሳይቀር ተዘጋጅቶ ሙጫና ቀለም ብቻ የሚጠብቅ። በሸካዋ ቴፒ ይህን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ያም ሆኖ ሥራው ለቴፒ ልጅ ሩቅ አይደለም። ከፕላስቲኩ የሚቀድመው፣ በእኔ እምነትም ስለ አውሮፕላን የበለጠ የሚያስተምረው፣ ከእንጨት ቀርጾ መሥራቱ ነው። እንጨት ደግሞ ሸካ ውስጥ አይቸግርም።

በእንጨት መቅረጹን ትልቅ ሥራ ያደረገው ጦርነት ነው። አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ማግሥት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ባሕር ኃይሏ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጥሪ አቀረበ፤ 500,000 የአውሮፕላን ሞዴል ሥሩልኝ አለ። ተማሪዎቹ የወዳጁንም የጠላቱንም አውሮፕላን በተላከላቸው ንድፍ ከእንጨት ቀርጸው፣ ጥቁር ቀብተው አስረከቡ። ሞዴሎቹ የሚፈለጉት ለተኳሾችና ለሰማይ ጠባቂዎች ሥልጠና ነበር። ቅርጹን ብቻ አይቶ የማን አውሮፕላን እንደሆነ መለየት የሞት ሽረት ጉዳይ ነበርና። ልኬቱ 1፡72 ነው፤ ማለትም 72 ሜትር የነበረው ነገር 1 ሜትር ይሆናል። በዚህ ልኬት የተሠራ ሞዴል 10 ሜትር ርቀት ላይ ሲያዝ፣ እውነተኛው አውሮፕላን 720 ሜትር ላይ ሆኖ የሚታየውን ያህል ይታያል። የእንግሊዙ የሞዴል አምራች ኤርፊክስ በ1953 እ.ኤ.አ. ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን በፕላስቲክ ሲያወጣም ልኬቱ ይኸው ነበር፤ ዛሬም ከ1፡48 ጋር በጣም የሚሠራበት ነው።

ለጀማሪ አንድ አውሮፕላን ምረጥ ብባል ሲ-47ን እመርጣለሁ፤ እኛ ዳኮታ የምንለውን። ለጦርነት የተሠራ ማመላለሻ ነው። ከ10,000 በላይ ተመርቷል፤ በ1944 እ.ኤ.አ. ኖርማንዲ ላይ በፓራሹት የሚዘሉ ወታደሮችን ያወረደው እርሱ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካ መንግሥት ትርፍ አውሮፕላኖች አምስቱን ገዛ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የተደረገው የመጀመሪያው በረራ የተካሄደው ከእነዚሁ በአንዱ ነው። አየር ኃይላችንም ተጠቅሞበታል። ለደቡብ ምዕራብ የዋለው ውለታ ግን ይለያል። አስፋልት ሳይጠይቅ፣ በተጠረገ ሜዳ ላይ እያረፈ ጅማን፣ ቴፒን፣ ሚዛን ተፈሪን ከአዲስ አበባ ጋር አገናኝቷል። ሠርቶ ለማየት ከዚህ የቀረበ አውሮፕላን አላውቅም።

እንጨቱ ዋንዛ ይሁን፤ በእኛ አካባቢ ቡናውን ከሚያጠልሉት ዛፎች አንዱ ነው፤ ቀላል፣ ለመላጊያ የሚታዘዝ እንጨት። ከአናጺ ቤት የተረፈ ቁራጭ ይበቃል፤ በደንብ የደረቀ መሆኑን ብቻ ማረጋገጥ ነው፣ እርጥቡ ተቀርጾ ካለቀ በኋላ ይጣመማልና። የዳኮታ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1፡72 ሲሠራ 40 ሴንቲ ሜትር ይወጣዋል፤ ቁመቱ ደግሞ 27። በእንጨቱ ጎን የአውሮፕላኑ የጎን መልክ፣ በላዩ ደግሞ የላይ መልኩ ይነደፋል። በሁለቱም በኩል በመጋዝ ሲቆረጥ አራት ማዕዘን የሆነ ዳኮታ ይወጣል። ከዚያ ማዕዘኖቹን በቢላ፣ በሞረድ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ማንሣት ነው። ዓይን እንዳይሸውድ ከወፍራም ካርቶን የአካሉን ዙሪያ ቅርጽ በየቦታው ቆርጦ ማዘጋጀት ይገባል። ካርቶኑ እንጨቱ ላይ ተጋድሞ ወደ መስኮት ሲያዝ፣ በመሐል ብርሃን የሚሾልክበት ቦታ ልኩን ያልያዘ ነው። የግራው ጎን ልክ ሆኖ ቀኙ የሚወፍርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ትዕግሥት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ ሰው አውሮፕላኑን ያውቀዋል። የክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የተሳበ፣ የኋላው ግን ቀጥ ያለ መሆኑን፣ ክንፉ ከሞተሮቹ ወዲያ ቀና ማለቱን፣ ጎማው ሲታጠፍ እንኳ ግማሹ ከሞተሩ ሥር ወጥቶ እንደሚቀር ያያል። በግራ ጎን ከኋላ ያለው ሰፊው የጭነት በር ደግሞ ሲ-47ን ከመንገደኛው ዲሲ-3 የሚለየው ነው። መጠኑ እንዲገባችሁ አንድ የቡና ፍሬ በሩ አጠገብ አስቀምጡ። በ1፡72 አንድ ሴንቲ ሜትር የምትሆነው ፍሬ የ72 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ትሆናለች፤ የቡና ጆንያ እንደማለት። አውሮፕላኑ 2,700 ኪሎ ገደማ ስለሚጭን፣ ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ከሆነ 45 ፍሬ ሙሉ ጭነቱ ነው።

የቴፒ ፈተና ቀለም ላይ ይመጣል። አየሩ እርጥብ ነው፤ ዝናቡም ረጅም ወራት ይቆያል። በቲነር የቀጠነ የመኪና ቀለም እርጥበት ባለበት ሲነፋ፣ ቲነሩ ሲተን ላዩ ስለሚቀዘቅዝ ጤዛ ይይዛል፤ ቀለሙም ነጣ ብሎ ይደበዝዛል። መፍትሔው ፀሐይ የወጣበትን ረፋድ መጠበቅ፣ በስሱ ቀብቶ አድርቆ መድገም ነው። የቲነሩ ትነት ስለሚጎዳ መስኮት ይከፈት። ዳኮታውን ብርማ ለሚቀባ ደግሞ፣ ይህ ቀለም ጭረት አይሸፍንም፤ እንዲያውም ያጎላዋል፤ ስለዚህ የእንጨቱ ሥር በስቱኮ ተደፍኖ መስታወት እስኪመስል መታሸት አለበት።

የአየር ኃይሉን ዳኮታ ለሚሠራ ሰው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ምልክቱን መቀባት የግድ ነው። እዚህ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቢጫ ደካማ ቀለም ነው፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል። መጀመሪያ ነጭ፣ በላዩ ቢጫ ይቀባል፤ ሲደርቅ ቢጫው በስኮች ተሸፍኖ ቀዩ፣ ቀጥሎ አረንጓዴው ይከተላል። የስኮቹ ሙጫ ቀለሙን እንዳይነቅል ስኮቹ አስቀድሞ መዳፍ ላይ ተለጥፎ ይነሣል። ቀለሞቹም በጥቂት ነጭ ቢለዝቡ ይመረጣል፤ ትንሽ ነገር ላይ ሙሉ ቀለም ከሚገባው በላይ ይጠቁራል።

ከዳኮታ በኋላ መንገዱ ሰፊ ነው። ከስዊድን መጥቶ ለዘመናዊው አየር ኃይላችን መነሻ ከሆኑት መካከል ያለው ሳብ 17 አለ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የተጋጠመው ኤፍ-5ኢ አለ፤ በ1፡72 ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ነው። የስፒትፋየር ሞዴል በዓለም ላይ ሞልቷል፤ የእኛን አውሮፕላኖች ግን እኛ ካልሠራናቸው ማን ይሠራቸዋል?

እኔ ግን ከሁሉ «ፀሐይ» ለተባለችው አውሮፕላን አደላለሁ። የጦር አውሮፕላን አልነበረችም፤ ጦርነት ግን ወስዷታል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠርቷት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ በረረች። ጣሊያን ወርሮ ወሰዳት፤ ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ሞተሯ ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ቫልተር ቬኑስ ነው፤ ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ ናቸው። በሞዴል ላይ ለማስመሰል ከቀርከሃ የተላጠ ቀጭን እንጨት ላይ የስፌት ክር አጥብቆ መጠምጠም፣ በኮላ ማድረቅ፣ ከዚያ በእኩል መቁረጥ ነው፤ ሰባት ያስፈልጋሉ።