የእንግዳ ቤትና የባለጉዳይ ቤት

«ማዘጋጃ ቤት» በአዲስ አበባ ሰው አፍ የሕንፃ ስም ብቻ አይደለም። ያለ ድግስ የተጋቡ «ማዘጋጃ ተፈራረሙ» ይባላሉ፤ ወገን ያልተገኘለት ሲሞት «ማዘጋጃ ቀበረው» ይባላል። በመካከሉ የቤት ካርታ አለ፣ ግብር አለ፣ የልደት ወረቀት አለ። ዛሬ አብዛኛው ጉዳይ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ወርዷል። ስሙ ግን ከኮረብታው አልወረደም።

ኮረብታው ላይ፣ በቸርችል ጎዳና አናት የተቀመጠውን ሕንፃ የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የሚባል ጣሊያናዊ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት፣ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈውም እሱው ነው። አንዱ ቤት ለእንግዳ፣ ሌላው ለባለጉዳይ። በከተማችን የሕዝብ ሕንፃ እንዴት እንደሚታሰብ ለሚጠይቀኝ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው የምጀምርለት።

ሜዜዲሚ የቱስካኒ ልጅ ነው። በ18 ዓመቱ አስመራ ገባ፤ ሥራውንም እዚያው ጀመረ። አዲስ አበባ ሲመጣ ገና አርባ አልሞላውም ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ እንግዶቹን የሚመጥን አዳራሽ ከተማው አልነበረውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራው በቶሎ እንዲያልቅ አዘዙ። በ18 ወር አለቀ። ጊዜው ደግሞ ቀላል ጊዜ አልነበረም፤ ከታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከተማው ከሐዘን ሳይወጣ ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ በር ከፈቱ።

በሩን አልፎ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የስብሰባ አዳራሹን አይደለም፤ የሠዓሊው የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ነው። ሥዕሉ ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው፤ የአፍሪካን ትላንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል ያሳያል። አፈወርቅ ሲሠሩት ዕድሜያቸው ከሠላሳ በታች ነበር። ንድፉ የእሳቸው ሆኖ መስታወቱ የተዘጋጀው ፈረንሳይ ነው። ቀርቦ ላየው የሚታየው ቁርጥራጭ መስታወትና ቁርጥራጮቹን የያዘው ጥቁር መስመር ብቻ ነው፤ ፊት አይለይም፣ እጅ አይለይም። አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ በአገር ልብስ የቆሙት ሰዎች ችቦ ይዘው ብቅ ይላሉ። ፀሐይ ስትመታው ቀለሙ መሬት ላይ ይወርዳል፤ ሰውም ሳያውቀው ቀይና ቢጫ ረግጦ ያልፋል። ሥዕል ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጌጥ ነው። እዚህ ግን ሥዕሉ ራሱ ግድግዳ ነው፤ ቢነሳ ሕንፃው ይጎድላል። የአገራችን ሠዓሊና የውጭ አርክቴክት ከመነሻው አብረው ሲያስቡ ምን እንደሚወጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የስብሰባው አዳራሽ መቀመጫዎች ቀስት ሠርተው ነው የተደረደሩት። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ነፃነታቸው ገና ትኩስ የሆነ፣ ለክብራቸው የሚሳሱ መሪዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያስቀምጥ ሰው ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ የሚለው ያስጨንቀዋል። የቀስቱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ተናጋሪውን ያያል፣ እርስ በርሱም ይተያያል። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር እዚህ ተፈረመ፤ መሥራቾቹ 32 አገሮች ናቸው።

ስድሳ ዓመት ሲሞላው ሕንፃው አርጅቶ ነበር። ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ወጪው 57 ሚሊዮን ዶላር ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናከረ፣ የጥንቶቹ ወንበርና ጠረጴዛዎች ተጠገኑ፣ የውጭውን ግድግዳ የሚያለብሱት 13 ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ሸክላዎች በአዲስ ተተኩ። አንድ ወጥ ልባስ ለጥፎ መገላገል ይቻል ነበር፤ ከመንገድ ማዶ ለሚያየው ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። አዳሾቹ እንዲህ አለማድረጋቸው አስደስቶኛል።

እንዲህም ሆኖ ይህ የእንግዳ ቤት ነው። አጥር አለው፣ ጥበቃ አለው፤ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው ከታክሲ መስኮት ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ነው፤ ቦታው ራሱ ግማሹን ሥራ ሠርቶለታል። ቸርችል ከእግሩ ሥር ተነስቶ ቁልቁል እስከ ለገሃር፣ እስከ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ይወርዳል። በባቡር የመጣ እንግዳ ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ሲል ከተማው በሁለቱም ጎን ተደርድሮ፣ ከአናቱ ላይ ማዘጋጃ ቤቱን ከነሰዓት ማማው ያይ ነበር። ባቡር ከተማዋን ከታች፣ አስተዳደሩ ከላይ ይዘዋት ነበር ማለት ነው። የንድፉ ድክመትም እዚሁ ላይ ነው። ለዓይን የተመረጠ ቦታ ለእግር አይመችም። ቸርችልን በእግሩ የወጣ ባለጉዳይ፣ በተለይ ሽማግሌ፣ ከደረጃው ሥር ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል፤ ደረጃው ደግሞ ገና ይጠብቀዋል። ሥልጣንን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ የዘመኑ ልማድ ነበር፤ የባለጉዳዩን ጉልበት ያሰበለት ያለ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ከሁለቱ ምረጥ ብባል የምመርጠው ማዘጋጃ ቤቱን ነው። ምክንያቱ ውስጡ ያለው የቴአትር አዳራሽ ነው። ቢሮውንና መድረኩን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረግ ያን ጊዜ የማንም ሐሳብ ይሁን፣ ተባረክ የሚያሰኝ ነው። ቀን ማመልከቻ ይዞ የገባ ሰው ቅዳሜ ትኬት ቆርጦ ይገባል።

አባቴ ልጅ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ወስዶኝ ነበር። ክራቫት አሥሮ፣ ጫማውን ሊስትሮ ጋ አስጠርጎ። ቴአትሩ ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። የማስታውሰው ደረጃው ላይ ቆም ብሎ ወደ ታች፣ ወደ ለገሃር መብራት እያየ፣ «በቀደም ለካርታው ስመጣ እኮ ይህን አላየሁትም» ማለቱን ነው።