ያ «የካንሰር» እንክብል

ፋርማሲስቷ ማዘዣውን ሁለቴ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ ልጁን አየችው፤ አራት ዓመቱ ነው፣ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ጣቱን ይጠባል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ ይሄ እኮ የካንሰር መድኃኒት ነው። ልጁ ካንሰር አለበት እንዴ?» አለቻት።

ልጁ ያለበት ሲክል ሴል ነው። እናትየው ለሕክምናው ከጋምቤላ አዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነበር። እንክብሉን ፍለጋ አብሬያት ሦስት ፋርማሲ ዞሬያለሁ። ቆጥራ የያዘችውን ብር መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መድኃኒቱ የተገዛው ከስምንት ወር በኋላ ነው። በመሀሉ ልጁ ሁለቴ ሆስፒታል ተኛ፤ አንዴ እጅ እግሩን አሞት፣ አንዴ ደረቱን ታሞ በኦክስጅን። እንክብሉን ጀምሮ ቢሆን ኖሮ አይተኛም ነበር ብዬ አልምልም። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስምንት ወር እንደበላችበት ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ነገሩ ጭልጥ ያለ ውሸት ቢሆን ማረሙ ይቀል ነበር። እንክብሉ፣ ማለትም ሃይድሮክሲዩሪያ፣ በእርግጥም ለአንዳንድ የደም ካንሰር ዓይነቶች ይሰጣል፤ ካርቶኑ ውስጥ የታጠፈችው ወረቀትም ይህንኑ ትላለች። ወረቀቷን ዘርግታ ያነበበች እናት ብትደነግጥ አልፈርድባትም። የምፈርደው ተምሮ ነጭ ጋዋን በለበሰው ላይ ነው። አስፕሪን ለራስ ምታትም ለልብም ይታዘዛል፤ ለልባቸው የታዘዘላቸውን አዛውንት «ራስዎን አሞዎታል እንዴ?» ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ሲክል ሴል ከወላጆች የሚወረስ የደም በሽታ ነው፤ ያለበት ልጅ ቀይ የደም ሕዋሱ ኦክስጅኑን ሲለቅ እንደ ማጭድ ይጎብጥና ይደርቃል፤ ቀጫጭኑን የደም ሥር ይዘጋል። አጥንት ላይ ሲሆን «ቁርጥማት ነው» እንላለን፤ አንጎል ላይ ሲሆን ስትሮክ ነው። ሕፃናቱ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደህና የሚመስሉት በማህፀን ሳሉ የነበራቸው የጽንስ ሄሞግሎቢን ገና ስላላለቀ ነው፤ እሱ አይጎብጥም። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚያደርገው ያንን ሄሞግሎቢን መልሶ ከፍ ማድረግ ነው። ስለዚህም «ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ሲያመው እንሰጠዋለን» የሚለው የዚያው ተረት ሁለተኛ መልክ ነው። እንክብሉ ማስታገሻ አይደለም፤ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ሥራውም የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። የአሜሪካ የሕክምና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከባዱ ዓይነት ላለባቸው ሕፃናት፣ ምልክት ባያሳዩም እንኳ፣ ከ9 ወራቸው አንስቶ መድኃኒቱ እንዲቀርብላቸው ይመክራል።

አንድ ሥጋት ግን ቁም ነገር ነበረው፤ የሐኪሞቹም ሥጋት ነበር። መድኃኒቱ ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚቀንስ፣ ወባ ባለበት አገር ልጆቹን ለበሽታ ያጋልጥ ይሆን? ይህ የተፈተነው በአንጎላ፣ በዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት 606 ልጆችን ተከታትሎ ከመጀመራቸው በፊት ከነበሩበት ሁኔታ ጋር አነጻጸረ። የሕመሙ መነሳት ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ደም መሰጠት ወደ ሲሶ ወረደ፤ ሞትም ቀነሰ። ወባውም ጭምር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጋምቤላ ላለች እናት ከዚህ የቀረበ ማስረጃ ከየት ይምጣላት?

ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። የደም ቆጠራ በየጊዜው ካልታየ መጀመር የለበትም፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ። በወንዶች የዘር ፍሬ ላይ ወደፊት ምን ያህል ተጽዕኖ እንዳለው ሳይንሱ ገና አልቋጨውም። መጠኑም በግምት አይሆንም። የተለመደው እንክብል 500 ሚሊግራም ነው፤ 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ደግሞ በኪሎ 20 ሚሊግራም ቢታዘዝለት በቀን የሚያስፈልገው 240 ነው። እንክብሉን ቤት ውስጥ ከፍቶ በማንኪያ መክፈል ግን አደገኛ ነው፤ እንዴት እንደሚከፈል ሐኪሙ ወይም ፋርማሲስቱ ያሳይ።

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ «መርዝ ነው፣ የጂን ሕክምናውን ጠብቁ» የሚለው ምክር ነው። ሁለት የጂን ሕክምናዎች አሜሪካ ውስጥ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጸድቀዋል፤ ዕድሜያቸው 12 እና ከዚያ በላይ ለሆነ። ሲጸድቁ የተተመነላቸው ዋጋ 2.2 እና 3.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር። አማካሪዎቹ የማይነግሩን ደግሞ ይህ ነው፦ ሕክምናው የልጁን መቅኔ ቡሱልፋን በተባለ ብርቱ ኬሞቴራፒ ማጽዳትን ይጠይቃል፤ ይህም መካንነት ሊያስከትል ይችላል። ከካንሰር መድኃኒት ሸሽቶ ወደ ባሰው የካንሰር መድኃኒት! የመቅኔ ንቅለ ተከላም አብዛኛውን ጊዜ ኬሞቴራፒ አለበት። እርግጥ ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ወንድም ወይም እህት ከተገኘ አብዛኞቹ ልጆች ይድናሉ፤ ነገር ግን አንድ ወንድም የመግጠም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው።

ሌሎቹን ተረቶች ቶሎ ቶሎ ልንካቸው። የልጁ ዓይን ቢጫ የሆነው «የወፍ በሽታ» ይዞት ነው ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ሕዋሶቹ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈርሱ ነው፣ ቅጠል መጠጣት ጉበቱን ይጎዳው እንደሆነ እንጂ አይፈውሰውም። «ደም አነሰው፣ አይረን ስጡት» ደግሞ ሳይመረመር አይሆንም፤ ደም ደጋግሞ የተሰጠው ልጅ አይረኑ ተርፎት ሊሆን ይችላል። ሲክል ሴል ከወባ ያድናል የሚባለውም እውነት የሚሆነው ጂኑን ከአንድ ወላጁ ብቻ ለወረሰው ነው፤ ከሁለቱም የወረሰውን ወባ ቶሎ ይገድለዋል። ፔኒሲሊን ለጤነኛ ልጅ ምን ያደርጋል ለሚሉትም፦ የእነዚህ ልጆች ጣፊያ ገና በሕፃንነታቸው ሥራውን ስለሚያቆም፣ እስከ አምስት ዓመታቸው በየቀኑ መውሰዳቸው ከገዳይ የደም ኢንፌክሽን ያድናቸዋል። ትኩሳት ካለ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ባለፈው ያቺ እናት ልጇን ለደም ቆጠራ ይዛው መጥታ አገኘኋት። እጁን ይዛ ጣቶቹን ዘረጋችልኝ፤ ጥፍሮቹ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቷል። ሐኪሙን ጠይቃ ነበር፤ «የመድኃኒቱ ነው፣ አይጎዳውም» ብሏታል።

«እንግዲህ ጥፍር ነው» አለችኝ፣ እጁን ለቃ።