የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው? ነል ሃይፖቴሲስን ስለመምረጥ

ስታቲስቲክስ የሚማሩ ልጆችን ደጋግሞ የሚያደናግር ጥያቄ አለ፦ የትኛው ሐሳብ ነው ነል ሃይፖቴሲስ፣ የትኛውስ ነው አማራጭ ሃይፖቴሲስ የሚሆነው? ስሌቱን አሳምረው የሚሠሩ ተማሪዎች እንኳ እዚህ መነሻ ላይ ይሳሳታሉ። ዛሬ ይህንን ባጭሩ እናያለን።

ከፍርድ ቤት ብንጀምር ይቀላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መሠረት ተከሳሽ ጥፋተኛ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹህ ሰው ይቆጠራል። እንግዲህ "ተከሳሹ ንጹህ ነው" የሚለው ነል ነው፤ ማስረጃ እስኪጥለው ድረስ ይቆማል። "ጥፋተኛ ነው" የሚለው ደግሞ አማራጩ ነው፤ የማስረዳት ሸክሙም የከሳሹ ነው።

ጥያቄ ሲመጣላችሁ እነዚህን ሦስት ነገሮች ተከተሉ፦

1. በማስረጃ ሊረጋገጥ የተፈለገውን አዲስ ነገር አማራጩ ላይ አስቀምጡ።
2. የእኩልነት ምልክቱ ሁልጊዜ ነሉ ላይ ይግባ።
3. አቅጣጫውን ከጥያቄው ቃል አንብቡ። "ቀንሷል" ካለ ያንሳል፣ "ጨምሯል" ካለ ይበልጣል፣ "ልዩነት አለው" ብቻ ካለ እኩል አይደለም ማለት ነው።

ለምሳሌ ሸማቾች "1 ኪሎ ተብሎ የታሸገው ስኳር ይጎድላል" ብለው ጠረጠሩ እንበል። ነሉ "አማካይ ክብደቱ 1 ኪሎ ነው"፣ አማራጩ "ከ1 ኪሎ ያንሳል" ይሆናል። ለምን? ጎደለ ያለው ነዋ አስረጂው!

ነገሩ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. ሞደርና የኮቪድ ክትባቱን ሲሞክር ነሉ "ክትባቱ ምንም አይሠራም" የሚል አልነበረም፤ "የመከላከል አቅሙ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው" የሚል እንጂ። ልብ በሉ፣ ለጥቂቱ ብቻ የሚረዳ ክትባት ይህንን ነል መጣል አይችልም። 30,420 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ክትባቱን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን መርፌ ወሰዱ። የበሽታው ምልክት ታይቶባቸው የታመሙት ከመጀመሪያዎቹ 11፣ ከሁለተኛዎቹ 185 ነበሩ። የመከላከል አቅሙ 94.1 በመቶ ሆኖ ተሰላ፤ ነሉም ወደቀ።

ነሉ ተገልብጦ "ክትባቱ ይሠራል" ቢባል ኖሮስ? ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የተሞከረ ደካማ ክትባት ሁሉ "አይሠራም የሚል በቂ ማስረጃ አልተገኘም" ተብሎ ባለፈ ነበር። አደጋው ይሄ ነው።

ሁለት ማሳሰቢያ እንጨምር። ነሉን መጣል አቃተን ማለት ነሉ እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ማስረጃው አልበቃም ማለት ብቻ ነው። ሌላው፣ ሁለቱም ሃይፖቴሲሶች መጻፍ ያለባቸው ዳታው ከመታየቱ በፊት ነው። ውጤቱን አይቶ አቅጣጫ መምረጥ ቀስቱ ካረፈ በኋላ ዒላማ እንደመሳል ነው።

ስለዚህ እስክሪብቶ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ እዚህ ጋ ማስረዳት ያለበት ማን ነው? የእሱ ሐሳብ አማራጩ ነው።

ፈተና ላይ ላሉ ወዳጆቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ጥናት!