የመኖሪያና የመሥሪያ ቤት ግቢዎች ለንቦችና ለጠቃሚ ነፍሳት መጠለያ ሊሆኑ ይችላሉ

በ2015 ዓ.ም በሸገር ከተማ ሥር የተካተቱት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ እየተያያዙ ሲሰፉ፣ ማሳና ግጦሽ የነበረው መሬት በቤትና በፋብሪካ ተተክቷል። በዚህም ንቦች የሚቀስሟቸው እንደ መችና አደይ አበባ ያሉ ዕፅዋት የሚበቅሉበት ስፍራ ጠብቧል። ክፍት ሆኖ የቀረው አፈር በአብዛኛው የሚገኘው በአጥር ውስጥ ነው።

ይህንኑ አፈር በሲሚንቶ ወይም በኮብልስቶን መሸፈን እየተለመደ መጥቷል። ከማር ንብ ሌላ ብቻቸውን የሚኖሩ በርካታ የንብ ዝርያዎች እንቁላላቸውን የሚጥሉት መሬት ውስጥ በሚቆፍሩት ጉድጓድ በመሆኑ፣ ግቢው ሲታሸግ መራቢያ ያጣሉ። ጉዳቱ ወደ ጓሮ ይመለሳል። የዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ የተለያየ ስለሆነ የአበባ ዱቄት የሚያደርስለት ነፍሳት ካላገኘ ፍሬ አይዝም። ከአጥር ጥግ ሳይነጠፍ የሚቀር ጥቂት መሬት ችግሩን ያቃልላል።

ከሁሉ የከፋው የፀረ ተባይ አጠቃቀም ነው። ጎመን ላይ ክሽክሽ ሲታይ የሚረጨው መድኃኒት ክሽክሹን የሚመገቡትን ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛና የአበባ ዝንብ እጭ ጭምር ይገድላል። ክሽክሽ ያለ ወንዴ ጭምር በፍጥነት ስለሚራባ ከጠላቶቹ ቀድሞ ያገግማል፤ ነዋሪውም ደግሞ ለመርጨት ይገደዳል። ክሽክሹን በውኃ ማጠብ ወይም የተጠቃውን ቅጠል ማስወገድ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። መርጨት ግድ ከሆነ ግን በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት የተመዘገበ ፀረ ተባይ ብቻ፣ ተክሉ ባላበበበት ወቅት፣ ንቦች ወደ ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ ሊሆን ይገባል።

ጉዳዩ የአንድ አባወራ ብቻ አይደለም። ንብ ከቀፎዋ ሦስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ትቀስማለች። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማርን ያካተተ እንደመሆኑ፣ ቀፎ የሚያከፋፍል ጽሕፈት ቤት በአካባቢው የሚካሄደውን ርጭትም አብሮ መከታተል ይኖርበታል።

ለተከላ ግራዋ ተመራጭ ነው፤ በበጋ ሌላው አበባ ሲጠፋ ያብባል። ጤና አዳምና ዳማ ከሴ ለቤትም ለንብም ይጠቅማሉ። በሶብላ ውርጭ ስለማይችል እንደ ሱሉልታ ባለ ቀዝቃዛ ስፍራ ደገኛው ጦስኝ ይሻላል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚታየው በየጊዜው የሚታጨድ ሣርና የተከረከመ ጽድ ለዓይን ቢያምርም ለንብ የሚሰጠው ቀለብ እምብዛም ነው፤ ከዳር ጥቂት የግራዋ ችግኝ መትከል በጀት አይጠይቅም።

በደረቅ ወራት ጠጠር የተደረገበት ዝርግ ሳሕን ላይ ውኃ ማኖር ነፍሳቱ ሳይሰምጡ እንዲጠጡ ያስችላል። የወባ ትንኝን ጨምሮ ትንኞች እንዳይራቡበት ውኃው በየሁለት ቀኑ መቀየር አለበት።