በረጅም ቁልቁለት ላይ የፍሬን ኃይል ስሌት

የተሽከርካሪን የፍሬን ኃይል ለማስላት የተለመደው መነሻ የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ነው። አጠቃላይ መጠነ ቁሱ 40,000 ኪ.ግ. የሆነ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና በሜዳ ላይ በሰዓት 72 ኪ.ሜ.፣ ማለትም በሴኮንድ 20 ሜትር እየተጓዘ በ50 ሜትር ውስጥ እንዲቆም ቢፈለግ፣ የፍጥነቱ ካሬ ለርቀቱ እጥፍ ተካፍሎ በሴኮንድ ካሬ 4 ሜትር የሆነ አሉታዊ አክሰለሬሽን ይገኛል። ይህ በመጠነ ቁሱ ሲባዛ የሚያስፈልገው ኃይል 160,000 ኒውተን ይሆናል። እርግጥ ጎማው አስፋልቱን መቆንጠጥ አለበት፤ በእርጥብ መንገድ የሰበቃ ቁጥሩ 0.4 ከሆነ ፍሬኑ ምንም ያህል ቢጠነክር ከ3.9 በላይ አይገኝም።

መንገዱ ሲያዘቀዝቅ ስሌቱ ይለወጣል። በ7 በመቶ ቁልቁለት የመሬት ስበት መኪናውን ወደ ፊት የሚገፋበት ኃይል 27,400 ኒውተን ገደማ ነው። ያው 160,000 ኒውተን መኪናውን የሚያቆመው በ50 ሳይሆን በ60 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ችግር ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጓዛል። ይኸው መኪና በሰዓት 36 ኪ.ሜ. ሳይጨምር ሳይቀንስ ቢወርድ አክሰለሬሽኑ ዜሮ ነው። ሕጉን በጥድፊያ የሚጠቀም ተማሪ ፍሬኑም ሥራ እንደሌለው ሊደመድም ይችላል። ዜሮ የሆነው ግን የኃይሎቹ ድምር እንጂ የፍሬኑ ኃይል አይደለም። የአየርና የጎማ መቋቋም ለጊዜው ቢተው፣ ፍሬኑ 27,400 ኒውተኑን ያለማቋረጥ ሲቋቋም በየሴኮንዱ 274 ኪሎ ጁል ወደ ሙቀት ይለውጣል፤ ይህም ትልቅ የጭነት መኪና ሞተር በሙሉ አቅሙ ከሚያመነጨው ጋር ይቀራረባል።

በሜዳ ከ72 ኪ.ሜ. ፍጥነት አንድ ጊዜ መቆም 8 ሚሊዮን ጁል ሙቀት ይፈጥራል፤ 1,000 ሜትር መውረድ ግን 392 ሚሊዮን። የፍሬን ታምቡሮቹ በድምሩ 600 ኪ.ግ. ብረት ቢሆኑ የመጀመሪያው ሙቀታቸውን በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው፣ ወደ አየር የሚወጣ ሙቀት ባይኖር ኖሮ፣ ከ1,300 ዲግሪ በላይ፣ ማለትም ብረቱን እስከማቅለጥ በደረሰ ነበር። በተግባር አየሩ ያቀዘቅዘዋል፤ ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። በግማሽ ፍጥነት መውረድ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ ኃይሉ ባይቀየርም በየሴኮንዱ የሚፈጠረው ሙቀት በግማሽ ይቀንሳል።

ከዚህም የበለጠ የሚረዳው ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የሞተር ፍሬኑ 20,000 ኒውተን ቢሸከም ለእግር ፍሬን የሚቀረው 7,400 ብቻ ነው። ይህ ካልተደረገና የፍሬን ሸራው ግሎ የሰበቃ ቁጥሩ በአንድ ሦስተኛ ከወረደ፣ 160,000 ኒውተኑ ወደ 107,000 ይወርዳል፤ ከዚህም ላይ ስበቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ መኪናው በ72 ኪ.ሜ. ፍጥነት ላይ ሳለ ፍሬን ቢያዝ የሚቆመው በ60 ሳይሆን በ101 ሜትር ነው።