ቡናው ጥላ አለው፣ ልጆቹስ?

በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ፍስሐ ገነት ብትሄዱ አንድ ነገር ማየታችሁ አይቀርም። ከይርጋጨፌ በስተደቡብ የምትገኘው ይህች የጌዴኦ ከተማ የቡና አገር ናት። ቀኑ ወደ እኩሌታ ሲቃረብ በማድረቂያ አልጋዎቹ ዙሪያ የሚሠሩት ሰዎች የታጠበውን ቡና ጆንያ ወይም ሸራ ያለብሱታል። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው ገለፈቱ ይሰነጠቃል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ጥራቱ ወረደ ማለት ነው። አልጋው ከመሬት ከፍ ብሎ በወንፊት የተሠራውም በሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ነው። ከላይ ጥላ፣ ከሥር ነፋስ።

በዚያው ሰዓት፣ ከቡናው አልጋ ብዙም ሳይርቅ፣ አራት በአራት በሆነች ክፍል ውስጥ ሕፃን ልጅ ይተኛል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የላትም፤ አንዷ መስኮቷም አቧራ እንዳይገባ ተዘግታለች። ውጭ ከዋንዛው ሥር ቁጭ ያለ ሰው አየሩ ተስማምቶት ቡናውን ይጠጣል። ውስጥ ያለው ልጅ ግን ፀጉሩ በላብ ርሶ ይገላበጣል። ይህን ለማየት ፍስሐ ገነት ድረስ መሄድም አያስፈልግም። ዲላም፣ ሐዋሳም፣ አዳማም፣ አዲስ አበባ ዳር ላይ በተከራያችኋት ክፍልም ያው ነው። ለቡና የምናውቀውን ብልሃት ለልጆቻችን መኝታ መንፈጋችን ሁሌም ይገርመኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። ጌዴኦ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ያህል ርቆ የሚገኝ አገር ስለሆነ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን አካባቢ፣ በቀትር በትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በሌላውም ወር ቢሆን ከአናት ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ትልቁን ዱላ የሚቀበለው ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ደግሞ ስስ ብረት ነው፤ ላዩ ሲግል ሥሩም ወዲያው ይግላል። ሻጩ «ይሄ ወፍራም ጌጅ ነው፣ ሙቀት አያስገባም» ቢላችሁ አትመኑት። 28ም ሆነ 35 ጌጅ በሙቀት በኩል ልዩነታቸው ከቁጥር አይገባም። ወፍራሙ የሚጠቅመው ለጥንካሬውና ለዕድሜው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። የጋለ ምጣድ አጠገብ እጃችሁን ስታስጠጉ፣ ሳትነኩትም ይፈጃችኋል። በመካከል ያለው አየር ሞቆ ብቻ አይደለም፤ ምጣዱ ሙቀቱን ልክ እንደ ብርሃን ስለሚረጨው ነው። የጋለ ቆርቆሮም ከላያችን የተደፋ ምጣድ ነው። ቬንትሌተር ብታዞሩ፣ በር ብትከፍቱ አየሩን ትለውጣላችሁ እንጂ ምጣዱን አታነሱትም። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ላባችንን በማድረቅ ነው፤ ሰው በሌለበት ክፍል ሲሽከረከር ቢውል መብራት ከመቁጠር ያለፈ ሥራ የለውም።

ምጣዱን ለመከለል በጣም የተለመደው መንገድ ኮርኒስ ነው። ቺፕውድ ወይም ጂፕሰም ለማሠራት አቅም ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ግን የድሮው አቡጄዲም፣ ተቀዳዶ የተሰፋ የማዳበሪያ ጆንያም ከምንም ይሻላል። ዋናው ቁም ነገር ጨርቁ ወይም እንጨቱ ከቆርቆሮው ጋር አለመገናኘቱ ነው። በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ስንዝር ያህል ክፍተት ይኑር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ ክፍተት መተንፈሻ ይኑረው። አብዛኛው ኮርኒስ ሲሠራ ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት ቦታ ሁሉ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ይደፈናል፤ አይጥ እንዳይገባ ተብሎ። ያን ጊዜ የጋለው አየር መውጫ አጥቶ እዚያው ይታመቃል፤ ኮርኒሱም እስከ ማታ ድረስ ሲሞቅ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በሁለቱ የቤቱ ጫፎች፣ ከጣሪያው ቁንጮ ዝቅ ብሎ፣ መስኮት መሳይ ቀዳዳ ተከፍቶ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። አይጥም ወፍም አይገባም፤ ሙቀቱ ግን ይወጣል።

ለጌዴኦ ደጋና ወይና ደጋ ኮርኒስ ሌላም ጥቅም አለው። ቀን ያቃጠለን ቆርቆሮ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ ለቅቆ ከውጭው አየር በታች ይቀዘቅዛል። ንጋት ላይ ከጣሪያ ጠብ የሚለው ውሃ ዝናብ አይደለም፤ የእኛው እስትንፋስ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ረግቶ ነው። ስለዚህ ኮርኒስ ለቀኑ ሙቀት ብቻ ሳይሆን ለሌሊቱ ብርድም የሚከፈል ገንዘብ ነው።

አያቶቻችን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም። የሣር ክዳን ውፍረቱ፣ በመካከሉም ያቆረው አየር፣ ራሱ ኮርኒስ ነው። ግን ወደ ሣር ቤት እንመለስ ብዬ አልመክርም። እሳት አለው፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፣ ሣሩስ ከየት ይመጣል?

ከኮርኒስ የሚሻለው ፀሐይን ከቆርቆሮው በላይ ማስቀረት ነው። በዚህ በኩል ትምህርት የሚገኘው ካልታሰበ ቦታ ነው። በባሕር ላይ በሸራ በሚነዱ ትናንሽ ጀልባዎች የሚኖሩ ወይም የሚጓዙ ቤተሰቦች አሉ። ማደሪያቸው ቁም ሳጥን የምታህል ጠባብ ክፍል ናት፤ ከላይ በፀሐይ የጋለ ወለል፣ ከጎን ግድግዳ። ሞቃት ወደብ ሲደርሱ በቅድሚያ የሚያደርጉት ከጀልባዋ ወለል በላይ፣ በአየር ላይ፣ ሰፊ ሸራ መወጠር ነው። ከዚያ በጣሪያዋ መክፈቻ ላይ እንደ ቀንድ የተሰፋ ጨርቅ ሰቅለው ነፋሱን ወደ ውስጥ ይመሩታል። ሸራውን ወደ ውስጥ አይሰቅሉትም። ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ሙቀቱን የሚያገኘው ከገባ በኋላ ነው። የቡናው አልጋና የጀልባዋ ብልሃት አንድ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከላይ ጥላ፣ ከሥር ነፋስ።

በእኛ ቤት ይህ እንዴት ይሆናል? ከቆርቆሮው በላይ በቋሚ እንጨቶች የተያዘ የቀርከሃ ምንጣፍ፣ ሰሌን ወይም ችግኝ ጣቢያ የሚጠቀሙበት የጥላ መረብ መወጠር ይቻላል። ቆርቆሮው ላይ አታንጥፉት፤ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል። ሁሉንም ጣሪያ መሸፈን ካልተቻለ ልጆቹ ከሚተኙበት ክፍል በላይ ያለው ይበቃል። በሚገባ ይታሰር፤ የበልግ ነፋስ ሳይመጣም ይውረድ፤ ተፈትቶ ጎረቤት ግቢ የወደቀ ሰሌን የሚያመጣውን ጭቅጭቅ አልነግራችሁም። ተከራይ ከሆናችሁና ጣሪያ መንካት ካልተፈቀደላችሁ ደግሞ ያንኑ ነገር በመስኮት አድርጉት። መጋረጃውን ከመስታወቱ ውጭ፣ በታዛው ላይ ስቀሉት። ውጭ የተሰቀለ ተራ ጆንያ ውስጥ ከተሰቀለ ውድ መጋረጃ ይበልጣል።

ሌላው አማራጭ ነጭ ቀለም ነው። አዲስ ቆርቆሮ ስለሚያብረቀርቅ ፀሐይን የሚመልስ ይመስላል፤ በከፊልም እውነት ነው። ነገር ግን የሚያብረቀርቅ ባዶ ብረት የዋጠውን ሙቀት መልሶ በመልቀቅ ሰነፍ ነው፤ ነጭ ቀለም የተቀባው ግን የፀሐይዋን አብዛኛውን ይመልሳል፣ የተረፈውንም ቶሎ ይለቃል። የዛገ ቆርቆሮማ ከሁሉ የባሰ ነው። በሕንድ የአህመዳባድ ከተማ በ2010 እ.ኤ.አ. ከደረሰባት ከባድ የሙቀት ማዕበል በኋላ በ2013 የሙቀት መከላከያ ዕቅድ አወጣች፤ በኋላም የድሃ መንደሮችን ጣሪያ ነጭ መቀባት የሥራዋ አካል አደረገችው። እኛ ጋ በተቃራኒው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ስንገዛ ጥቁር አረንጓዴና ጥቁር ቀይ እንመርጣለን፤ ያምራል ብለን። ገበያ ላይ የምውል ሰው ስለሆንኩ ይህን በግልጽ ልናገር፦ ቀለም ሲሸጥ የሚጠቀሰው ውበትና ዕድሜ ነው፤ ስለ ሙቀት የሚጠይቅ ደንበኛ ስለሌለ ማንም አይነግራችሁም። ጠይቁ። ስትቀቡም ቆርቆሮው ታጥቦ፣ ለብረት የሚሆን መነሻ ቅብ ይቅደም፤ አለዚያ በአንድ ክረምት ይላጣል። የጣሪያ ውሃ አጠራቅማችሁ የምትጠጡ ከሆነ እርሳስ የሌለበት ቀለም ምረጡ፣ የመጀመሪያዎቹንም ዝናቦች ውሃ ድፉ። አቧራ ሲለብስ ነጭነቱ ስለሚደበዝዝ በዓመት አንዴ ማጠብ ነው።

የጌዴኦ ሰው ከቀለምም ከሸራም በፊት የነበረ ሀብት አለው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ዋናው ምስጢሩ ደረጃ በደረጃ የተነባበረ ጥላ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራ የመሰሉ ትልልቅ ዛፎች፣ በመካከል እንሰትና ቡና፣ ከሥር ጎመንና ሌላው አትክልት። በገጠሩ መኖሪያ ቤቱም በዚያው ጥላ ውስጥ የተደበቀ ነው። ከተማ ስንገባ መጀመሪያ የምንቆርጠው ያን ዛፍ፣ የምንነቅለው ያን እንሰት ነው፤ ግቢው «እንዲጸዳ»። ከዚያ ሲሚንቶ እናለብሰዋለን፣ ሲሚንቶውም ከሥር ያነድደናል። ጠባብ ግቢ ያላችሁ ሰዎች በምሥራቅና በምዕራብ ግድግዳ በኩል እንሰት ወይም ሙዝ ትከሉ። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመታ በእነዚህ ሁለት ጎኖች ታዛ አያድንም፤ ሰፊ ቅጠል ግን ያድናል። አዲስ ቤት የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ መስኮቶቹን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩ። በእኛ ኬክሮስ በእነዚህ ጎኖች መጠነኛ ታዛ ቀኑን ሙሉ ይበቃል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ቦታ ለመቆጠብ ብለን የምንገዛው ተደራራቢ አልጋ ኮርኒስ በሌለው ቤት የላይኛውን ልጅ ለምጣዱ ያቀርበዋል፤ ሞቃት አየርም የሚሰበሰበው እዚያው ነው። በበጋ ቀን የሚተኛ ልጅ ፍራሹ ዝቅ ይበል። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን በሙቀት ምክንያት ውሃ መስጠት አያስፈልግም፤ ጡት ብቻ፣ ግን ቶሎ ቶሎ። ሽንቱ ከቀነሰ፣ ከፈዘዘ፣ መጥባት እንቢ ካለ ወይም ሰውነቱ በጣም ከጋለ ቤት ውስጥ ማራገቡን ትታችሁ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ከሰል አያይዞ ቡና ማፍላትም በዚያች ክፍል ውስጥ ይቅር፤ ሙቀቱ ሳያንስ ጭሱና የማይታየው መርዙ አለ። ወደ ታዛው ውጡ፣ ጎረቤትም ይጠራል።

እርጥብ ጨርቅ መስኮት ላይ መስቀል በደረቁ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በደንብ ይሠራል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ውሃው ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በልግ ገብቶ አየሩ ሲረጥብ ግን ጨርቁ አይደርቅም፤ ክፍሉን ከማፈን በቀር የሚሰጠው ነገር የለም።

የቀረው ሌሊቱ ነው። የጌዴኦና የአብዛኛው ከፍተኛ አገራችን ትልቁ ሀብት የሌሊት አየር ነው። ቀን የሞቀውን ግድግዳ የሚያቀዘቅዘው እሱ ብቻ ነው፤ እኛ ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁሉን ጠርቅመን እንተኛለን። ምክንያቱ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ከንቱ አይደለም። ሌባ አለ፣ ትንኝ አለ፣ እናቶቻችንም «ነፋስ ይመታዋል» ይላሉ። ለሌባው የብረት ፍርግርግ፣ ለትንኙ በፍርግርጉ ላይ ወንፊት። ወባ ባለበት ቆላማ አካባቢ ወንፊት ቢኖርም አጎበሩ አይቀርም። ለእናቶቻችን ደግሞ መልሱ የልጁን አልጋ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንስቶ ወደ ማዕዘኑ ማስጠጋትና ከፍ ብሎ የተሠራ ትንሽ መስኮት መክፈት ነው፤ ነፋሱ በልጁ ላይ ሳይሆን ከልጁ በላይ ያልፋል። በተቃራኒው ግድግዳ በኩልም መውጫ ይኑረው፤ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለ አየሩ አይንቀሳቀስም። ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ፣ ውጭው ከውስጥ መሞቅ ሳይጀምር፣ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል ያለውን መስኮት ዝጉና ጆንያውን አውርዱበት።